አባቴ የሚነሣበት ስም

እናቴ ሰው የሚበዛበት ቦታ አትወድም። ልጆች ሆነን ጥምቀት በመጣ ቁጥር ጃንሜዳ የምትሄደው የአባቴን ኮት ጫፍ ጨብጣ ነበር፤ እኛ የሷን ነጠላ፣ እሷ የሱን ኮት። አባቴ «ይቺ ሴትዮ ኮቴን ጨረሰችው» እያለ ይስቅባታል። ስለዚህ አንድ ቀን ጠዋት አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ፣ «ስሞት አባትሽ ላይ ደርባችሁ ቅበሩኝ። የዚያን ቀን ሕዝቡ ብዙ ነው፤ ቀና ስል እሱን ካላየሁ እጠፋለሁ» ስትለኝ አልሳቅሁም። የዚያን ቀን የምትለው ሙታን የሚነሡበትን ቀን ነው።

እናቴ ስለ ሙታን ትንሣኤ የምታወራው ስለ ነገ ገበያ እንደምታወራው ነው። ጥርጥር የለባትም፣ ያለባት የዝግጅት ሐሳብ ብቻ ነው። ሰው ሲቀበር ራሱ ወደ ምዕራብ፣ እግሩ ወደ ምሥራቅ እንደሚደረግ ከልጅነቴ ጀምሮ ነግራኛለች። ጌታ በምሥራቅ ስለሚመጣ የሞተው ቀና ሲል ፊት ለፊት ያየዋል። እሷ ደግሞ የራሷን ስሌት ጨምራበታለች። «እኔ ከላይ ስለምሆን ቀድሜ ነው የምነቃው፤ ዞር ብዬ እጁን እይዘዋለሁ» ትላለች። ሐኪሙ ልቧ ደክሟል ካለን ወዲህ ይህን ነገር በቀን ሦስት ጊዜ ታነሣዋለች።

እኔም አምናለሁ። አምናለሁ ስል ግን እንደሷ አይደለም። እሁድ እሁድ ከሕዝቡ ጋር የሙታንን መነሣት ተስፋ እናደርጋለን እላለሁ፤ አፌ ስለለመደው ይወጣል፣ ልቤ ግን ያን ጊዜ የትኛውን ታክሲ እንደምይዝ ያስባል። ካዛንቺስ የነበረው ቤታችን ከፈረሰ በኋላ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ስለገባን፣ ወደ ድሮው ቤተ ክርስቲያናችን ለመምጣት ሁለት ታክሲ ያስፈልጋል። ቢሆንም አልቀየርንም። አባቴ እዚያ ነው የተቀበረው።

የደብሩን ስም አልጠራም። ጠቤ ከታቦቱ ጋር አይደለም።

«ሂጂና መቃብሩን አይተሽልኝ ነይ» አለችኝ እናቴ፣ ደርባችሁ ቅበሩኝ ባለችኝ በዚያው ጠዋት። «ሐውልቱ ተሰንጥቆ ከሆነ ይጠገን። እኔን ሊያስገቡ ሲቆፍሩ እንዳይቸገሩ።»

ሐውልት የምትለው ከጉልበት ከፍ የማትል፣ ፎቶው የተለጠፈባት የሲሚንቶ ድንጋይ ናት። ካየኋት ዓመት አልፎኛል። እኛ ቤት የመቃብር ጉብኝት የሚባል ነገር የለም፤ አርባው ይወጣል፣ ተዝካሩ ይወጣል፣ ሙት ዓመቱ ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ ሬሳው የእግዚአብሔር ነው። እሁድ ከቅዳሴ ስወጣ ከቤተ ልሔሙ ጀርባ ወዳለው ትልቅ ጽድ ዞር እልና አንዴ አማትቤ ወደ ታክሲ ተራ እሮጣለሁ። አባቴ ከጽዱ ሥር ነው። ማማተቤን እንደ ትልቅ ነገር ቆጥሬው ነበር።

በሥራ ቀን አስፈቅጄ ሄድኩ። ከቤተ ልሔሙ ጀርባ ስዞር ቆርቆሮ አጥር ገጠመኝ። በቀዳዳው አየሁ። ቀይ አፈር ተደልድሎ፣ ብረት ተከምሮ፣ ጽዱ ብቻውን ቆሟል። መቃብር የሚባል የለም። ሐውልቶቹ ግንቡ ሥር አንዱ ባንዱ ላይ ተደርድረዋል፤ የአንዳንዱ ፎቶ ወደ ሰማይ፣ የአንዳንዱ ወደ መሬት። ቢያንስ አራት ወር እንደሆነው በመሀላቸው ከበቀለው ሣር ያስታውቃል። እኔ እስካለፈው እሁድ ድረስ በዚያ በኩል ሳማትብ ነበር። ለአርማታ ብረት ሳማትብ!

ዘበኛውን ጠየቅኋቸው። ሽማግሌ ናቸው፣ ተቸገሩ።

«አዳራሽ ሊሠራበት ነው። ሰባት ዓመት የሞላቸው ወጥተዋል እኮ ልጄ። ቢሮ ብትጠይቂ ይሻላል።»

«ወጥተው የት ሄዱ?»

«ቢሮ ብትጠይቂ ይሻላል።»

ሰባት ዓመት የሞላው መቃብር እንደሚነሣ አላውቅም አልልም። አዲስ አበባ መሬቷ ለቋሚውም አልበቃ፤ ለሙት ከየት ታመጣለች? ወሬውን ሰምቼ አውቃለሁ። ግን ሰው ወገን ሲኖረው ይጠራል፣ ይነገረዋል፣ አጽሙን በክብር አውጥቶ በአንድ ጥግ ያሳርፋል ብዬ ነው የማስበው። አባቴ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ወገን አለው፣ እኔ አለሁ።

የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ልጅ እግር ነው፣ ኮት ለብሷል፣ በሁለት ስልክ ነው የሚሠራው። ክፉ ሰው አይመስልም። ክፉ ቢሆን በተሻለኝ ነበር።

«ማስታወቂያ ለጥፈናል እኮ እህቴ። ሦስት ወር ሙሉ በሩ ላይ ነበር። በጉባኤም ተነግሯል።»

«ስልክስ? መዝገባችሁ ላይ ስልክ የለም?»

«ስልክ ላላቸው ደውለናል። እርስዎ የየት ሰፈር ነዎት?»

«የካዛንቺስ።»

«በቃ እሱ ነው» አለ፣ ነገሩ እንደተፈታለት ሁሉ። «የካዛንቺሶቹ አብዛኞቹ የተመዘገቡት በቤት ስልክ ነው። አይሠራም።»

እንዴት ይሥራ? ስልኩ የነበረበት ቤት የለም። ቤቱ የነበረበት ቅያስ የለም። ዛሬ እኛ ሳሎን ላይ የብስክሌት መንገድ ተሠርቷል፣ መኝታ ቤታችን ላይ አበባ ተተክሏል። ማን እንዲያነሣላቸው ነው የደወሉት፣ አበባው? ከዚያው ሰፈር የተነሣን ሰዎች እሁድ እሁድ እፊታቸው ቆመን እናስቀድሳለን፤ አንድ ሰው ማይክሮፎን ይዞ «የካዛንቺስ ልጆች፣ ኑ አባቶቻችሁን ቁጠሩ» ቢለን ምን ነበረበት?

«ጉባኤ ላይ ተነግሯል» አለ እንደገና። ጉባኤ የሚባለው ከቅዳሴ በኋላ ነው፤ እኔ ያን ጊዜ ታክሲ ተራ ነኝ። ይህን አልነገርኩትም።

«እስቲ ስማቸውን ይንገሩኝ፣ መዝገብ ልይልዎ።»

የአባቴን ስም ከነአያቴ ነገርኩት። ገጽ ገለበጠ። ሌላ መዝገብ አወጣ። የለም። የቀብሩን ወር ነገርኩት፣ አሁንም የለም። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «የክርስትና ስማቸውን ነው የምፈልገው እኮ። መዝገቡ በክርስትና ስም ነው» አለኝ።

አባቴ ሦስት ስም ነበረው። አንዱ መታወቂያው ላይ ያለው ነው፤ በሱ የሚጠራው መንግሥት ብቻ ነበር። ሁለተኛው የሰፈር ቅጽል ስሙ ነው። ሰማያዊ ላዳ ታክሲ ይነዳ ስለነበር ከስታዲየም እስከ ቂርቆስ ሹፌሩ፣ ተራ አስከባሪው፣ ሊስትሮው ሁሉ በሱ ነው የሚያውቀው፤ ሲሞት እንኳን ግማሹ ለቀስተኛ እውነተኛ ስሙን የሰማው ድንኳን ውስጥ ነው። ሦስተኛው አርባ ቀን ሲሞላው ቄሱ ያወጡለት የክርስትና ስሙ ነው። ጸሎት የሚጸለይለት በዚህ ስም ነው። ፍትሐት የተፈታለት በዚህ ስም ነው። እናቴ እንደምትለው ከሆነ በዚያ ቀንም የሚጠራው በዚህ ስም ነው፤ ላዳውንም መታወቂያውንም የሚጠይቀው የለም። እኔ ይህን ስም አላውቀውም። ፍትሐቱ ላይ ቆሜ ነበር፤ ካህናቱ ስሙን እየደጋገሙ ጠርተውታል። በግእዝ ነበር፣ እኔም እያለቀስኩ ነበር፣ አልሰማሁም።

ወደ ውጭ ወጣሁና ታናሽ ወንድሜ ጋ ደወልኩ። ቡልጋሪያ ሰፈር ጋራዥ አለው፤ ከጀርባው መዶሻ ይሰማል።

«የአባዬ የክርስትና ስም ማን ነው?»

«ኧረ እኔ… ማለቴ፣ ገብረ ምናምን ነገር ነው መሰለኝ። ወይ ኃይለ። ምነው?»

«ገብረ ምናምን! አባትህን ገብረ ምናምን ትለዋለህ?»

«አንቺስ ማን ትይዋለሽ?»

የሆነውን ነገርኩት። መዶሻው ቆመ። «በቃ ተይው በናትሽ» አለኝ። «አባዬ እንደሆነ ነፍሱ ያለችበት አለች። አጥንት ምን ይሠራልሻል? ትንሣኤ ሲሆን ሁሉም ይነሣል። ዝም ብለሽ ለእማዬ ደህና ነው በያት፣ ፊኒሽ።»

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ያን ዕለት የሆነውን ሊሸፍኑ ትንሣኤን እንደ ድንኳን ሸራ ሲያለብሱብኝ እሱ የመጀመሪያው ነበር፤ የመጨረሻው ግን አልነበረም።

ስሙን የምታውቅ አንድ ሰው ብቻ ቀረች። ልጠይቃት ደግሞ እንዴት ብዬ? አጥሩን ተደግፌ ብዙ ቆምኩ። በመጨረሻ ደወልኩላት።

«እማዬ፣ የአባዬ የክርስትና ስም ማን ነበር?»

«ምነው? ምን ሊያደርግልሽ?»

«ለጸሎት ነው። ስሙን ሰጥቼ ላስጸልይለት ብዬ።»

ድምጿ ሌላ ድምፅ ሆኖ መጣ። «ተባረኪ» አለችኝ። «ተባረኪ ልጄ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንዳችሁ ትጠይቁኛላችሁ ብዬ ስጠብቅ ነበር።» ስሙን ቀስ ብላ፣ ፊደል እንደምታስቆጥር፣ ሁለቴ ነገረችኝ። በዕድሜዬ ብዙ ዋሽቻለሁ፤ እንደዚያች ቅጽበት ግን ራሴን ተጸይፌ አላውቅም።

ጸሐፊው በስሙ ወዲያው አገኘው። መዝገቡ ላይ በቀይ ተሰርዟል። ከጎኑ «አጽሙ ወደ ጋራ ማረፊያ ተዛውሯል» የሚል አለ። የጋራ ማረፊያ ያሉት ከግንቡ ጥግ ያለ አንድ ጉድጓድ ነው፤ የመጣው ሁሉ እየገባበት በላዩ ሲሚንቶ ተደፍቷል። ከዚያ ጸሐፊው ጥፋት እንደሌለበት ሊያሳየኝ ፈልጎ ፋይል ከፈተና የማስታወቂያውን ቅጂ አቀበለኝ።

ገና ሳየው አወቅሁት። አንብቤዋለሁ።

በዐቢይ ጾም ነበር፤ ዝናብ ጥሎ በሩ ሥር ተጠልለን ቆመን ነበር። ስታዲየም አጠገብ ባለ ማተሚያ ቤት ውስጥ ጽሑፍ አራሚ ነኝ፤ እንጀራዬ ማንበብ ነው፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ነገር አይቼ አላልፍም። ከላይ እስከ ታች፣ ስም በስም አነበብኩት። የአባቴ የክርስትና ስም በሁለተኛው ረድፍ፣ ከላይ አምስተኛው ላይ ነበር። በዓይኔ ነክቼው አልፌያለሁ። አንብቤ ስጨርስ አጠገቤ ለቆሙት ሴትዮ ምን እንዳልኳቸው አሁን ትዝ አለኝ፤ «ወይ ልጆች! ምን ዓይነት ልጅ ነው የወላጁን አጽም ለዶማ የሚተው?» ነበር ያልኩት። ሴትዮዋም ከንፈራቸውን መጠጡልኝ። ነፍስ ይማር ብዬ፣ ዝናቡ ሲያባራ ሄድኩ።

ይህን ለጸሐፊው አልነገርኩትም። ይልቅስ ጮህኩበት።

«ለምንድን ነው በክርስትና ስም ብቻ የጻፋችሁት? የዓለም ስሙን ከጎኑ ብታደርጉት ምን ይጎድልባችኋል? ሐውልቱ ላይ ተጽፎ የለም?»

«መዝገቡ ላይ ያለው እሱ ነዋ እህቴ። እግዚአብሔርም የሚያውቃቸው በዚህ ስም ነው።»

«ታዲያ ማስታወቂያው የተጻፈው ለእግዚአብሔር ነው ለእኛ?»

አንዱ ስልኩ ጮኸና ገላገለው።

የንስሐ አባቴ ጩኸቴን ሰምተው ነው መሰለኝ ከደጀ ሰላሙ ወጥተው እጄን ይዘው ወደ ጉድጓዱ ወሰዱኝ። ሲሚንቶው ላይ ጸሎት አደረሱ። ደግ ሰው ናቸው፤ እናቴን ሊጠይቁ ሁለት ታክሲ ይዘው ይመጣሉ። «ልጄ፣ አትበሳጪ» አሉኝ። «ባሕር የሰጠመውም ይነሣል፣ አውሬ የበላውም ይነሣል። ለፈጣሪ አጥንት ከአጥንት መለየት ይሳነዋል?»

«አውሬው ማስታወቂያ አልለጠፈም አባ።»

ደነገጡ። እኔም ደነገጥኩ፤ ለካህን እንዲህ መልሼ አላውቅም። ግን አንዴ ተከፍቷል፣ አልቆመልኝም። «እንደሚነሣ አምናለሁ» አልኳቸው። «እግዜር እንደሚሰበስበው አምናለሁ። እሱ ይሰበስባል እየተባለ እኛ እንበትን የሚል ግን የት ተጽፏል? አጥንቱ ምንም ካልሆነ ለምን አጠባችሁት? ለምን ገነዛችሁት? ለምን ራሱን ወደ ምዕራብ አድርጋችሁ ለካችሁት? ሲቀበር ይህ ሥጋ ክቡር ነው ትሉናላችሁ፤ በሰባት ዓመቱ ደግሞ አፈር ነው ትሉናላችሁ። የቱን ልያዝ?»

አባ መሬት መሬት አዩ። «ልክ ነሽ» አሉ። «እኔም ያኔ ተናግሬ ነበር፤ አልተሰማሁም።» ከዚያ በላይ አልተነጋገርንም። ልክ ነሽ መባሌ ግን አላበረደኝም፤ ጭራሽ አነደደኝ። የሚያውቅ ሰው ነበረ፣ ተናግሮም ነበር፣ ሆኖም ሆነ።

ወደ ቤት ስመለስ ሁለቱንም ታክሲ ቁጭ ብዬ ውሸት ስፈልግ ነበር። ሐውልቱ ደህና ነው እላለሁ። ፎቶው ትንሽ ደብዝዟል እላለሁ፤ ውሸት ትንሽ ጉድለት ሲኖረው ይታመናል። ስትሞት ደግሞ አታይም። እንዲህ እያልኩ ደረጃውን ወጣሁ።

በሩን ስከፍት አንዲት ጎረቤታችን ከእናቴ አልጋ አጠገብ ተቀምጣለች። እናቴ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ፣ ፊቷ በርቷል። «ይቺውና መጣች!» አለች ለሴትዮዋ። «ለአባቷ ስም ሰጥታ ልታስጸልይ የሄደችው ልጄ ይቺ ናት።» ሴትዮዋ መረቀችኝ። ምርቃቱን ቆሜ ተቀበልኩ። ሴትዮዋ ስትወጣ በሩን ዘጋሁና፣ በዚያ ምርቃት ላይ ሌላ ውሸት መደረብ አቅቶኝ፣ ሁሉንም ለእናቴ ነገርኳት።

የነገርኳት ግን እንደ ሰው አይደለም፤ በንዴት ነው። ጸሐፊውን ሰደብኩ፣ አዳራሹን ሰደብኩ፣ ቤታችንን ያፈረሰውን ሰደብኩ፣ ወንድሜን ሰደብኩ። ማስታወቂያውን ማንበቤን ብቻ በለሆሳስ ተናገርኩ። እናቴ አላቋረጠችኝም፣ አላለቀሰችም። ጣቷ ነጠላዋ ጥለት ላይ ይሄዳል ይመለሳል።

«ለብቻው ነው ከሰው ጋር?» አለችኝ።

«ከሰው ጋር ነው።»

«ብዙ ናቸው?»

«ብዙ ናቸው እማዬ።»

«እሱስ ሰው ይወዳል» አለች። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረች። እኔም እንደገና ጀመርኩ። አቤቱታ እንደምጽፍ፣ ሀገረ ስብከት ድረስ እንደምሄድ፣ ሐውልቱን ከዚያ ክምር አውጥቼ ጉድጓዱ ላይ እንደማስተክል፣ ስሙን በድንጋይ እንደማስቀርጽ፤ እዚያም ካልሆነ ሌላ ቦታ ፈልጌ እሷን…

እጇን አነሣች።

«የኔንስ ታውቂዋለሽ?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ስሜን ነዋ። ያኔ የምጠራበትን።»

አፌን ከፈትኩ። አርባ ዘጠኝ ዓመት እማዬ ስላት ኖሬ አላውቀውም ነበር።